በወረርሽኝ መሐል የትኛው መድኃኒት ያድናል? የሪከቨሪ ሙከራ የጉዳይ ጥናት

ይህ ጉዳይ ለምን ተመረጠ

በ2020 መጀመሪያ ላይ በኮቪድ-19 ለታመመ ሰው የሚሰጥ የተረጋገጠ መድኃኒት አልነበረም። የሚሰጥ መድኃኒት ግን ሞልቶ ነበር። የወባ መድኃኒት፣ የኤችአይቪ መድኃኒት፣ አንቲባዮቲክ፣ ስቴሮይድ፣ ካገገሙ ሰዎች ደም የተወሰደ ፕላዝማ፤ በየአገሩ ያሉ ሐኪሞች ተስፋ የጣሉበትን ሁሉ ይሰጡ ነበር። የጎደለው የሚያድነውን ከማያድነው፣ የማያድነውን ደግሞ ከሚጎዳው የሚለዩበት መንገድ ነበር።

እዚህ የማቀርበው በብሪታንያ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተመራው ሪከቨሪ የተባለ ሙከራ ይህን ጥያቄ እንዴት መመለስ እንደቻለ ነው። ሙከራውን የመሩትንም ሆነ የተሳተፉበትን ሰዎች በስም አልጠቅስም፤ መመዝገብ ያለበት አሠራሩ ነው። ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከዚያ በፊት የነበረው ልምድ

ወረርሽኝ ሲነሳ መድኃኒቶችን በወጉ ማወዳደር ለምን እንደሚያስቸግር ለመረዳት ወደ ምዕራብ አፍሪካው ኢቦላ መመለስ ይጠቅማል። ከ2014 እስከ 2016 ከ28,000 በላይ ሰዎች ተይዘው ከ11,000 በላይ ሞቱ። በዚያ ጊዜ ትልቅ ተስፋ የተጣለበት ዚማፕ የተባለ መድኃኒት ነበር። ሙከራው 200 ሰዎችን ለመመዝገብ ታቅዶ ወረርሽኙ ቀድሞ ስለበረደ በ72 ሰዎች ቆመ። መድኃኒቱን ካገኙት 36 ሰዎች 8ቱ፣ ካላገኙት 35 ሰዎች ደግሞ 13ቱ ሞቱ። ሲታይ ትልቅ ልዩነት ይመስላል፤ በዚህ ቁጥር ግን አጋጣሚ ብቻውን ሊያመጣው የሚችል ልዩነት ነው። ያ ሁሉ ሰው ካለቀ በኋላ መድኃኒቱ ይሠራል ወይም አይሠራም ብሎ በእርግጠኝነት የሚናገር አልነበረም።

መልሱ የመጣው በሌላ ወረርሽኝ ነው። ከ2018 መጨረሻ እስከ 2019 አጋማሽ በኮንጎ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ አራት መድኃኒቶች ጎን ለጎን ተወዳድረው 681 ታካሚዎች በዕጣ ተመደቡ። ዚማፕ ከወሰዱት ግማሽ ያህሉ ሲሞቱ፣ ሁለቱን አዳዲስ የፀረ እንግዳ አካል መድኃኒቶች ከወሰዱት የሞቱት ግን ከመቶ 35 ገደማ ነበሩ። ትናንት ተስፋ የተጣለበት መድኃኒት ከተሻሉት ጋር ሲወዳደር ወደ ኋላ ቀረ። ጎን ለጎን ባይወዳደሩ ኖሮ ይህ አይታወቅም ነበር።

ኮቪድ ሲመጣ ይህ ትምህርት ገና ትኩስ ነበር። ያም ሆኖ በማርች 2020 ዓለምን ያነቃነቀው ከፈረንሳይ የወጣ፣ በ36 ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት ነው። ሃይድሮክሲክሎሮኪን የተባለው የወባ መድኃኒት ቫይረሱን ከአፍንጫ ቶሎ ያጠፋል የሚል ነበር። ጥናቱን ቀረብ ብሎ ላየው ግን ችግሩ በግልጽ ይታያል። መድኃኒቱን የጀመሩት 26 ሰዎች ነበሩ። ስድስቱ ከስሌቱ ወጡ፦ ሦስቱ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ተዛወሩ፣ አንዱ ሞተ፣ አንዱ ከሆስፒታል ወጣ፣ አንዱ ደግሞ አቅለሽልሾት መድኃኒቱን አቋረጠ። መድኃኒቱን ካላገኙት ወገን እንዲህ የተቀነሰ ሰው አልነበረም። የንጽጽር ቡድኑ ውስጥ የነበሩት ታካሚዎችም የታከሙት በሌላ ቦታ ጭምር ነው። የተለካው በስድስተኛው ቀን ቫይረሱ መገኘት አለመገኘቱ እንጂ ሰው መዳን አለመዳኑ አልነበረም። እንዲህም ሆኖ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በማርች 28 መድኃኒቱ ለድንገተኛ ጊዜ እንዲሰጥ ፈቀደ፤ በሽታቸውን በዚሁ መድኃኒት የሚቆጣጠሩ የሉፐስ (የሰውነት መከላከያ ራሱን ሰውነቱን የሚያጠቃበት በሽታ) እና የመገጣጠሚያ ብግነት ሕመምተኞች ደግሞ ከፋርማሲ አጡት። ጥናቱ ከመጽሔቱ መዝገብ የተሰረዘው በዲሴምበር 2024 ነው።

ችግሩ ምን ነበር

ሆስፒታል ከገቡት የኮቪድ ሕመምተኞች አብዛኞቹ በመጨረሻ ይድኑ ነበር። በዚያ የመጀመሪያ ማዕበል በብሪታንያ ከአራቱ ሦስቱ ያህል ድነዋል። ስለዚህ አንድ ሐኪም ለአራት ሰዎች የፈለገውን መድኃኒት ቢሰጥ ሦስቱ በእግራቸው ሲወጡ ያያል። ያየው ነገር እውነት ነው፤ ሰዎቹ ድነዋል። ያላየው መድኃኒቱን ባይሰጣቸው ኖሮ ምን ይሆኑ እንደነበር ነው። ከዓይኑ ፊት የሌለውን ይህን ወገን የሚያሳየው የንጽጽር ቡድን ብቻ ነው።

መድኃኒቱን የወሰዱትንና ያልወሰዱትን ከሆስፒታል መዝገብ አውጥቶ ማነጻጸርም በቂ አይደለም። ሐኪም መድኃኒት የሚሰጠው በምክንያት ነው። በጠና ለታመመው ቅድሚያ ከሰጠ መድኃኒቱ ገዳይ ይመስላል፤ የመዳን ተስፋ ላለው ቅድሚያ ከሰጠ ደግሞ አዳኝ ይመስላል። ዕጣ ይህን ይሰብረዋል። ዕጣ ዕድሜን አያይም፣ የስኳር በሽታን አያይም፣ የሐኪምን ግምት አያይም። በቂ ሰው ካለ ሁለቱ ወገኖች ከመድኃኒቱ በስተቀር በሁሉም ነገር ተመሳሳይ ይሆናሉ፤ ማንም ያላሰበው ነገር እንኳ ከሁለቱም ጎን እኩል ይደለደላል።

በቂ ሰው ስንት ነው? የሪከቨሪ አዘጋጆች ዴክሳሜታሶን ለተባለው ስቴሮይድ እንዲህ አሰሉት፦ ከመቶ ታካሚ 20 የሚሞት ከሆነና መድኃኒቱ ያንን በአንድ አምስተኛ ከቀነሰው፣ ማለትም ከመቶ አራት ሰው ካተረፈ፣ ይህን በእርግጠኝነት ለማየት መድኃኒቱን የሚወስዱ 2,000 እና የማይወስዱ 4,000 ሰዎች ያስፈልጋሉ። ከመቶ አራት ሰው ትንሽ ይመስላል። ብዙ ሚሊዮን ሰው በሚታመምበት በሽታ ግን ብዙ መቶ ሺህ ነፍስ ነው፤ አንድ ሐኪም በራሱ ክፍል ሆኖ ፈጽሞ ሊያየው የማይችለው ልዩነትም ነው። አንድ ሆስፒታል ይህን ብቻውን አይመልስም። አገር ሙሉ አብሮ መሥራት ነበረበት፤ ያውም አልጋ በጠፋበት፣ ባለሙያው ራሱ እየታመመ በነበረበት ወቅት።

አንድ ትልቅ ሥጋትም ነበር፤ በቅንነት የተነሳ ስለሆነ በቅንነት መመለስ አለበት። ሰው እየሞተ ሳለ መድኃኒትን በዕጣ ማደል ጭካኔ አይሆንም ወይ? የኔ መልስ አይሆንም ነው። መድኃኒቱ እንደሚያድን ቢታወቅ ኖሮ ዕጣ ማውጣት ወንጀል ይሆን ነበር። አይታወቅም። ለሁሉም የሚሰጥ ሐኪምም በሰው ላይ እየሞከረ ነው፤ ልዩነቱ ከእሱ ሙከራ ማንም ምንም አለመማሩ ነው። በአሜሪካ በ2020 በአሥር ሺዎች ለሚቆጠሩ ታካሚዎች ያገገሙ ሰዎች ፕላዝማ ያለ ንጽጽር ቡድን ተሰጥቷል። ያ ሁሉ ደም ተለግሶ፣ ያ ሁሉ ድካም ተደክሞ፣ ፕላዝማው ሰው ያድናል ወይ የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ ቀረ።

የተወሰዱ እርምጃዎች

የሪከቨሪ የመጀመሪያ ፕሮቶኮል፣ ማለትም የሙከራው የአሠራር ዕቅድ፣ የተረቀቀው በማርች 10 ቀን 2020 ነው። የመጀመሪያው ታካሚ የተመዘገበው በማርች 19 ነው። በተለመደው ጊዜ ለዚህ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመት ይሄዳል። የመነሻ ገንዘቡ 2.1 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር።

ፍጥነቱ የመጣው ሰው እንቅልፍ ስላጣ ብቻ አይደለም፤ ሙከራው ሆን ተብሎ እጅግ ቀላል ስለተደረገ ነው። በታካሚው አልጋ አጠገብ የሚሆነውን እንመልከት። ሐኪሙ ወይም ነርሷ ስለ ሙከራው ታስረዳለች፤ ታካሚው አጭር የስምምነት ቅጽ ይፈርማል፤ ራሱን የሳተ ከሆነ በሕግ የተፈቀደለት ሰው ይወክለዋል። ከዚያ በኢንተርኔት በሚከፈት ገጽ ላይ ጥቂት መረጃ ይሞላል፦ ዕድሜ፣ ፆታ፣ ሌሎች በሽታዎች፣ ኦክስጅን ወይም ቬንትሌተር (የመተንፈሻ ማሽን) ላይ መሆን አለመሆን። በዚያ ሆስፒታል የሌለ መድኃኒት ወይም ለዚያ ታካሚ የማይስማማ መድኃኒት ካለ ከምርጫው ይወጣል። ከዚያ ኮምፒውተሩ ይመድባል። ሌላ ቅጽ የሚሞላው አንድ ጊዜ ነው፦ ታካሚው ሲወጣ፣ ሲሞት ወይም 28 ቀን ሲሞላው። የቀረው መረጃ ከብሔራዊ የጤና መዝገብ ይቀዳል። ተጨማሪ ደም መቅዳት የለም፣ በየቀኑ የሚሞላ ሠንጠረዥ የለም።

ዋናው መለኪያም አንድ ነበር፦ በ28 ቀን ውስጥ ሞተ ወይስ ተረፈ? ይህን ለመለካት ውድ ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ ሐኪሙ መድኃኒቱን ስለወደደው ወይም ስለጠላው ብቻ አይቀየርም።

ሌላው ብልሃት ብዙ መድኃኒቶችን በአንድ ጣሪያ ሥር ማወዳደር ነበር። የተለመደውን ሕክምና ብቻ የሚያገኝ አንድ የጋራ ቡድን ነበር፤ እያንዳንዱ መድኃኒት ከዚሁ ጋር ይነጻጸራል። ለአንድ መድኃኒት አንድ ታካሚ ሲመደብ ወደ ንጽጽር ቡድኑ ሁለት ይመደብ ነበር። አንድ መድኃኒት መልስ ሲያገኝ ይወጣል፣ ሌላ ይገባል፤ ሙከራው ግን አይቋረጥም። ውጤቱን በየጊዜው ገልጦ የሚያየው ከአዘጋጆቹ ነፃ የሆነ ኮሚቴ ብቻ ነበር፤ መልሱ ግልጽ ሲሆን እንዲናገር፣ እስከዚያ ግን ዝም እንዲል ሥልጣን ተሰጥቶታል።

ከላይ የነበረው ድጋፍም ቀላል አልነበረም። የአገሪቱ ከፍተኛ የጤና ኃላፊዎች ለሆስፒታሎች በጻፉት ደብዳቤ ሐኪሞች ያልተረጋገጠ መድኃኒት በየራሳቸው ከመስጠት ይልቅ ታካሚዎቻቸውን በሙከራው እንዲያስመዘግቡ አሳሰቡ። እስከ ጁን አጋማሽ ከ175 በላይ ሆስፒታሎች ከ11,500 በላይ ታካሚዎችን አስመዘገቡ። ከእነዚህ ሆስፒታሎች ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ማዕከላት ሳይሆኑ ተራ የወረዳ ሆስፒታሎች ነበሩ። ለኔ የዚህ ጉዳይ እምብርት ይህ ነው።

ምን ተገኘ

መጀመሪያ የተመለሰው የሃይድሮክሲክሎሮኪን ጥያቄ ነው፤ ወደ መልሱ የወሰደው መንገድ ግን አስቸጋሪ ነበር። በሜይ 22 በታዋቂ የሕክምና መጽሔት የወጣ ጽሑፍ ከ671 ሆስፒታሎች የተሰበሰበ የ96,000 ታካሚዎች መረጃ አለኝ ብሎ መድኃኒቱ ሰው ይገድላል አለ። በዚህ የተነሳ ሌሎች ሙከራዎች ምዝገባ አቆሙ። የሪከቨሪ ነፃ ኮሚቴ ግን በእጁ ያለውን የራሱን መረጃ አይቶ ይቀጥል አለ። መረጃው ከየት እንደመጣ ማረጋገጥ ስላልተቻለ ያ ጽሑፍ በጁን 4 ተሰረዘ። በማግስቱ፣ ጁን 5፣ ሪከቨሪ መልሱን አሳወቀ። በመጨረሻ በታተመው ስሌት መድኃኒቱን ከወሰዱት 1,561 ሰዎች 27.0 በመቶ፣ ካልወሰዱት 3,155 ሰዎች 25.0 በመቶ ሞተዋል። ጥቅም የለም። ያድናል ያለውም፣ በብዙ ይገድላል ያለውም ማስረጃ አልነበረውም። የአሜሪካው ባለሥልጣን ፈቃዱን በጁን 15 አነሳ።

ከዚያ አንድ ቀን በኋላ፣ በጁን 16፣ ዴክሳሜታሶን መጣ። ይህ መድኃኒት ከ1950ዎቹ ጀምሮ የሚታወቅ፣ ለአስም፣ ለአለርጂና ለብዙ ሌላ በሽታ በየሆስፒታሉ ያለ ርካሽ ስቴሮይድ ነው። ለኮቪድ ግን ተፈርቶ ነበር። ስቴሮይድ የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክም ቫይረሱን ያባብሳል የሚሉ ነበሩ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በጃንዋሪ 2020 ባወጣው መመሪያ ከሙከራ ውጭ እንደ ልማድ እንዳይሰጥ መክሮ ነበር። በሌላ ወገን ሳንባውን የሚጎዳው ቫይረሱ ብቻ ሳይሆን የሰውነት የራሱ ቁጣ ነው የሚሉ ነበሩ። ሁለቱም ወገን ምክንያት ነበረው፤ ሁለቱም ማስረጃ አልነበረውም።

2,104 ሰዎች በቀን 6 ሚሊ ግራም እስከ 10 ቀን ወሰዱ፤ 4,321 ሰዎች አልወሰዱም። በጠቅላላው ከወሰዱት 22.9 በመቶ፣ ካልወሰዱት 25.7 በመቶ ሞቱ። ታሪኩ ያለው ግን ከጠቅላላው ሥር ነው። ቬንትሌተር ላይ ከነበሩት መድኃኒቱን ያላገኙት 41.4 በመቶ ሲሞቱ ያገኙት 29.3 በመቶ ሞቱ፤ በዚህ ስሌት ስምንት ሰው ታክሞ አንድ ሰው ይተርፋል። ያለ ቬንትሌተር ኦክስጅን ይወስዱ ከነበሩት 26.2 በመቶው ወደ 23.3 በመቶ ወረደ። ኦክስጅን ካልፈለጉት መካከል ግን ያልወሰዱት 14.0 በመቶ፣ የወሰዱት 17.8 በመቶ ሞቱ። እዚህ ላይ ጥቅም የለም፤ ጉዳት ሊኖር እንደሚችል ነው የሚያመለክተው። ስለዚህ ስቴሮይድን ፈርተው የከለከሉትም፣ አምነው የሰጡትም በከፊል ልክ ነበሩ። አንዱ መድኃኒት ለአንዱ ሕመምተኛ ነፍስ ያድናል፤ በሽታው ገና ወደ ሳንባ ላልዘለቀው ጎረቤቱ ግን አይሰጥም።

ውጤቱ ከታወጀ በኋላ የብሪታንያ ሆስፒታሎች ወዲያውኑ መስጠት ጀመሩ። በዚያ አገር የአንድ ታካሚ ሙሉ ሕክምና ወጪ 5 ፓውንድ ገደማ ነበር። በሴፕቴምበር 2 የዓለም ጤና ድርጅት፣ የሌሎች ሙከራዎች መረጃም ተደምሮ፣ በጠና ለታመሙት እንዲሰጥ ጠንካራ ምክር አወጣ።

ቀሪዎቹን በአጭሩ ላስቀምጥ፤ የመጀመሪያው ቁጥር መድኃኒቱን ከወሰዱት፣ ሁለተኛው ካልወሰዱት ከመቶ የሞቱት ነው። የኤችአይቪ መድኃኒቶቹ ሎፒናቪር ከሪቶናቪር ጋር፦ 23 በመቶ ከ22 በመቶ፣ ጥቅም የለም። አንቲባዮቲኩ አዚትሮማይሲን፦ 22 ከ22። ፕላዝማ፣ ከ11,000 በላይ ሰዎች ተመድበው፦ 24 ከ24። ብግነትን የሚቀንሰው ኮልቺሲን፦ 21 ከ21። አስፒሪን፦ 17 ከ17። እነዚህ ቁጥሮች አሰልቺ ይመስላሉ፤ እያንዳንዳቸው ግን በዓለም ላይ ሲሰጥ የነበረን፣ ገንዘብ ሲወጣበት የነበረን ሕክምና አስቁመዋል። ከሚጠቅሙት ወገን የሰውነትን የመከላከያ ቁጣ የሚያበርደው ቶሲሊዙማብ ተገኘ፦ 31 በመቶ ከ35 በመቶ፣ ያውም አብዛኞቹ ስቴሮይድ እየወሰዱ ሳለ። ተመሳሳይ ሥራ ያለው ባሪሲቲኒብም በ2022 በዚያ ላይ ሌላ ጥቅም ጨመረ።

ያልሠራው

ሙከራው ቀላል በመሆኑ የከፈለው ዋጋ አለ። ማስመሰያ መድኃኒት አልነበረም፤ ሐኪሙም ታካሚውም ምን እንደተሰጠ ያውቁ ነበር። ሞትን ለመለካት ይህ ብዙ አያሳስብም፤ ከሆስፒታል የመውጫ ቀንን ለመሰለ መለኪያ ግን ያሳስባል። በታካሚው ሰውነት ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን በየጊዜው ስላልተለካ መድኃኒቶቹ ለምን እንዳልሠሩ ሙከራው ብዙም አይነግረንም።

የሃይድሮክሲክሎሮኪን መጠንም ክርክር አስነስቷል። በመጀመሪያው 24 ሰዓት 2,400 ሚሊ ግራም ይሰጥ ነበር፤ በዛ ያሉ ነበሩ። የተመዘገቡት ሆስፒታል የገቡ ስለነበሩ ፀረ ቫይረስ መድኃኒት በሕመሙ የመጀመሪያ ቀናት ቢሰጥ ምን ያደርጋል የሚለው በዚህ መንገድ አልተመለሰም። ይህ የሙከራው ጥፋት አይደለም፤ ውጤቱን ለሁሉም ታካሚ የሚያውሉት ሰዎች ጥፋት ነው።

የዴክሳሜታሶን ዜና መጀመሪያ የወጣው በመግለጫ ነው፤ ዝርዝሩ የተለቀቀው ቀናት ዘግይቶ ነው። በእነዚያ ቀናት የሌላ አገር ሐኪሞች ሙሉውን መረጃ ሳያዩ መወሰን ነበረባቸው፤ ያውም በተሰረዘው ጽሑፍ ሰው በቆሰለ ማግስት። መቸኮሉ ይገባኛል፤ ነፍስ የሚያድን ነገር ይዞ ዝም ማለት አይቻልም። ሆኖም መሠረታዊው ሠንጠረዥ ከመግለጫው ጋር አብሮ መውጣት ነበረበት እላለሁ።

ሬምዴሲቪር የተባለው ፀረ ቫይረስ መድኃኒት ሌላ ነገር ያሳያል። በአሜሪካ በተመራና 1,062 ሰዎች በተሳተፉበት ሙከራ የማገገሚያ ጊዜን ከ15 ወደ 10 ቀን አሳጠረ። የዓለም ጤና ድርጅት በ30 አገሮች 11,330 ሰዎችን ይዞ ባካሄደው ሶሊዳሪቲ ሙከራ ግን በ2020 በወጣው ውጤት ሞትን የመቀነሱ ማስረጃ አልተገኘም። ሁለቱ አይጣሉም። አንዱ የጠየቀው ቶሎ ይድናል ወይ ነው፣ ሌላው ይተርፋል ወይ ነው። ለሕዝብ ሲነገር ግን ይህ ልዩነት ጠፍቶ አገሮች ውድ መድኃኒት በብዛት ገዙ።

ለሌላ ጊዜ የሚወሰድ

ለቀጣዩ ወረርሽኝ ለሚዘጋጅ ማንኛውም የጤና ሥርዓት ከዚህ ጉዳይ መጀመሪያ የምወስደው የቅጹን ርዝመት ነው። ሊመዘገብ የሚችል ታካሚ ሁሉ የሚያልፈው በአንዲት ሥራ በበዛባት ነርስ እጅ ነው። ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ጥያቄ “ይህ ባይጠየቅ መልሱ ይበላሻል?” ተብሎ ይጠየቅ። ካልተበላሸ ይውጣ።

መለኪያውን ታካሚው ራሱ ከሚፈራው ነገር መምረጥ ይበልጣል። የላቦራቶሪ ቁጥር ቶሎ ይገኛል፤ ግን በቤተ ሙከራ ቫይረስ የገደሉ መድኃኒቶች ሰው ሳያድኑ ቀርተዋል። ውጤቱ ሲወጣም በበሽታው ደረጃ ተለይቶ ይነበብ፤ እንዴት እንደሚለይ ግን ውጤቱ ከመታየቱ በፊት ተወስኖ ይጻፍ። ዴክሳሜታሶን በጥቅሉ ብቻ ተነግሮ ቢሆን ኖሮ ኦክስጅን ለማያስፈልገው ሰው ሁሉ ይሰጥ ነበር።

ያላዳነ መድኃኒትም ጥሩ ውጤት ነው ብሎ መቀበል ያስፈልጋል። ፕላዝማ አለመጥቀሙን ለማወቅ ከ11,000 በላይ ሰዎች ፈቃደኛ ሆነዋል። እነሱ ባይኖሩ ኖሮ ዛሬም ይሰጥ ነበር።

የመጨረሻው ዝግጅት ነው። ከፕሮቶኮሉ ረቂቅ እስከ መጀመሪያው ታካሚ ዘጠኝ ቀን የበቃው ከዚያ በፊት ብዙ ነገር ስለነበረ ነው፦ ታካሚን በአንድ ቁጥር የሚከታተል ብሔራዊ መዝገብ፣ በየሆስፒታሉ የተመደቡ የምርምር ነርሶች፣ ሥነ ምግባርን የሚመረምሩና በቀናት ውስጥ መልስ መስጠት የሚችሉ ኮሚቴዎች። እነዚህ ወረርሽኝ ሲገባ አይሠሩም። ሪከቨሪ ራሱ ኮቪድ ሲቀንስ አልፈረሰም፤ በዚያው አውታር፣ በዚያው አጭር ቅጽ፣ በኢንፍሉዌንዛ ሆስፒታል ለሚገቡ ሰዎች ፀረ ቫይረሶቹን ኦሴልታሚቪርንና ባሎክሳቪርን እንዲሁም ዴክሳሜታሶንን ወደ ማወዳደር ተሻግሯል።